ለአማርኛ ድረ ገጽ ሲስተም ስንመርጥ

ለፕሮጀክት ድረ ገጽ የሚሠሩ ጓደኞቼ የይዘት ማስተዳደሪያ ሲስተም ሲመርጡ መጀመሪያ የሚያዩት መልኩን ነው። እኔ ግን የማየው የአንድ አማርኛ ጽሑፍ አድራሻ ምን እንደሚመስል ነው። ዎርድፕረስ አድራሻውን ከርዕሱ ይሠራል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል፤ በፐርሰንት ምልክት ሲጻፍ ደግሞ 9 ቁምፊ ይሆናል። ለርዕሱ የተተወው ቦታ 200 ቁምፊ ስለሆነ ከ22 ፊደል ያለፈው ይቆረጣል ማለት ነው። ተቀድቶ ሲላክም የፐርሰንት ክምር ይሆናል፤ እሱን ደግሞ ማን ደፍሮ ይጫናል? ስለዚህ አድራሻውን አሳጥረን በእጃችን እንድንጽፍ የሚፈቅድ ይሁን፤ ዎርድፕረስም ድሩፓልም ይፈቅዳሉ።

የባሰው ችግር ሞክሼ ፊደላት ናቸው። እኔ «ፀሐይ» ብዬ የጻፍኩትን አንባቢው «ጸሀይ» ብሎ ቢፈልግ የዎርድፕረስ የራሱ መፈለጊያ አያገኝለትም፤ ጽሑፉ እያለ የለም ይባላል። እንግዲህ ፊደላቱን የሚያስማማ ፕለግኢን ራሳችን ጽፈን የምንጨምርበት፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ሲስተም ይሻለናል።