ድድ ሲደማ፡- ሐሜት ሳይሆን ሕክምና

በዛሬው ጽሑፌ ስለ ድድ በሽታ አወጋችኋለሁ። «ኤች.አይ.ቪን ከድድ ምን አገናኘው?» ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው።

አንድ ቀን በሐረር ጁገል ውስጥ፣ ጊደር መጋላ አካባቢ፣ ከወጣቶች ጋር የነበረንን ውይይት ጨርሰን ስንበታተን አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ወደኋላ ቀረ። «እህቴ፣ ለማንም እንዳትነግሪብኝ» አለኝ። ጠዋት አፉን ሲታጠብ ደም ይተፋል። ጓደኛው ይህን አይቶ «አቦ ተመርመር፤ ይሄ የዚያ በሽታ ምልክት ነው» አለው። ወሬው ክፍል ውስጥ ሲዛመት አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። እሱም ደሙን ፈርቶ ጥርሱን መቦረሽ ካቆመ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ትምህርቱንም ሊተው ዳር ደርሶ ነበር። ይህን የምጽፈው እሱ ፈቅዶልኝ ነው።

የድድ በሽታ ምንድን ነው?

ጥርሳችን ላይ በየቀኑ በዓይን እምብዛም የማይታይ፣ በባክቴሪያ የተሞላ ስስ ልባስ ይጋገራል። በብሩሽ ወይም በመፋቂያ ካልተወገደ በቀናት ውስጥ እንደ ድንጋይ መጠንከር ይጀምራል። ያኔ በቤት ውስጥ ቡረሻ አይለቅም። ድድም ይቆጣል፣ ይደማል። በዚህ ደረጃ ከታከመ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ችላ ከተባለ ግን ጥርስን የያዘው አጥንት ይበላል፤ የተበላው አጥንት ደግሞ በቀላሉ አይመለስም።

ምልክቶቹስ?

• ድድ መቅላትና ማበጥ
• ሲቦርሹ ወይም ጠንካራ ነገር ሲገምጡ መድማት
• የማይለቅ መጥፎ የአፍ ጠረን
• የድድ መሸሽ፣ የጥርስ መነቃነቅ፣ መግል

ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ድዱ ቢታመምም ላይደማ ስለሚችል «ደህና ነኝ» ብሎ እንዳይዘናጋ። በእኛ አካባቢ ደግሞ ጫት አለ። ጫት አፍን ያደርቃል፤ ቅጠሉ ጉንጭ ውስጥ ለሰዓታት ተወጥሮ ይቆያል፤ አብሮትም ስኳርና ለስላሳ ይወሰዳል። ይህ ሁሉ ለጥርስም ለድድም ጠላት ነው።

ከኤች.አይ.ቪ ጋር ያለው ግንኙነት

ኤች.አይ.ቪ የሰውነትን የመከላከል አቅም ሲያዳክም የድድ ሕመም ሊበረታ ይችላል። በጥርሶች መካከል ያለው ድድ ሊቆስልና ኃይለኛ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ነገር ግን ድዳቸው የሚደማ አብዛኞቹ ሰዎች ችግራቸው የአፍ ንጽሕና ጉድለት ነው። ቁስለቱም ቫይረሱ በሌለባቸው ሰዎች ላይ ይከሰታል። ስለዚህ ድድ አይቶ የሰውን ደም ማወቅ አይቻልም! የሚያውቀው ምርመራ ብቻ ነው። ቫይረሱ አብሮ በመቀመጥ፣ አብሮ በመብላት ወይም በምራቅ አይተላለፍም። የጥርስ ብሩሽና መፋቂያ ግን አትዋዋሱ፤ ደም ሊነካቸው ስለሚችል በተለይ ለጉበት ቫይረስ መተላለፊያ ሊሆኑ ይችላሉ።

ምን እናድርግ?

1. ድድ ደማ ብላችሁ መቦረሽ አታቁሙ። ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል፣ ጥርስና ድድ የሚገናኙበትን ቦታ በቀስታ ቦርሹ።
2. ብሩሽ ለሌለው መፋቂያ አለ። ጫፉን አለስልሳችሁ የውስጡንም የውጩንም ጥርስ አዳርሱ።
3. ጥርስን በሎሚ አትሹ፤ አሲዱ ጥርስን ይበላል።
4. መድማቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልቀነሰ፣ ወይም ቁስለትና መግል ካለ፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ባለሙያው የጠነከረውን ቆሻሻ በመሣሪያ ያነሳዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ አትዋጡ።
5. ስለ ኤች.አይ.ቪ ከተጠራጠራችሁ ተመርመሩ። በአገራችን መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። በጊዜ ጀምሮ ሳያቋርጥ የወሰደ ሰው ረጅም ዕድሜ ይኖራል።

ያ ተማሪ ጥርሱን አሳጠበ፣ በፈቃዱም ደሙን ተመረመረ። የምርመራውን ውጤት እኔም አልጠየቅኩትም፤ ምስጢሩ የራሱ ነው። ድዱ ግን ዛሬ አይደማም፤ ትምህርቱንም ቀጥሏል። ቀድሞ አጠገቡ መቀመጥ የፈሩት ልጆች ግን ይቅርታ ሊጠይቁት ይገባ ነበር። እናንተስ በክፍላችሁ እንዲህ ያለ ወሬ ብትሰሙ ምን ታደርጋላችሁ? ተወያዩበት።

ቸር እንሰንብት!