ስለ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አጻጻፍ

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቅርጹ የታወቀ ነው፤ ቁጥርና ቀን፣ ተቀባይ፣ ጉዳዩ፣ ሐተታ፣ ፊርማ፣ ማኅተምና ግልባጭ። የምንሳሳተው በሐተታው ነው። ከይርጋ ጨፌ አንድ ገበሬ «የቡና ማሳዬን ወሰን ገፉብኝ» ብሎ ዲላ ቢመጣና ለወረዳው «አስፈላጊው እንዲደረግለት» ብለን ብንጽፍ፣ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚያደርግ አይታወቅም፤ ወረዳው ለማብራሪያ ይመልሰዋል፤ ገበሬውም ዳግመኛ የመኪና ይከፍላል። «የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ወሰኑን ለክቶ ውጤቱን እስከ ጥር 30 ቀን ያሳውቀን» ብንል ግን ሥራው ባለቤትና ቀን ያገኛል።

ደግሞም አፉን በጌዴኡፋ የፈታ ባለጉዳይ አማርኛውን በሌላ ሰው አስነብቦ ሊሰማ ይችላልና ዐረፍተ ነገሩን እናሳጥር። ጓደኞቻችን ሆይ፤ ነገ ብዕሩን የምንይዘው እኛ ነን። ባለጉዳዩ ሰምቶ የተወሰነለትን ካልተረዳ፣ ደብዳቤው ገና አልተጻፈም።