ለአሬሮ ውሃ የሚስማማው ሲክሊድ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሬሮ ነው። ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ የአፍሪካ ሲክሊድ ዓሣ ማኖር እፈልጋለሁ። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ ከዓሣው ቀለም በፊት ውሃዎን ይዩ። የጉድጓድ ውሃ ተጠቅመው ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገር ከሆነ ውሃው በማዕድን የከበደ ነው፤ ለሻይ ባይመችም የማላዊና የታንጋኒካ ሐይቅ ዓሦች የሚወዱት ዓይነት ነው። ለስላሳ ውሃ የለመዱት የምዕራብ አፍሪካ ወንዞች ሲክሊዶች ስለዚህ ይቅሩብዎ። ከሁለቱ ሐይቆች ደግሞ እኔ ታንጋኒካን አስቀድማለሁ። ምቡና የሚባሉት የማላዊ ዓሦች ቀለማቸው ያምራል፣ ግን ጠበኛ ናቸው፤ ጠባቸውን ለማብረድ 200 ሊትር ገደማ የሚይዝ ገንዳና በየሳምንቱ ብዙ ውሃ መቀየር ያስፈልጋል። ድርቅ በሚደጋገምበት በቦረና ይህ ቅንጦት ነው። በባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ የሚኖሩት ትንንሾቹ የታንጋኒካ ሲክሊዶች ግን ርዝመታቸው 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ 60 ሊትር ውሃ፣ አሸዋና ቅርፊት ይበቃቸዋል።

«የአገራችን ቆሮሶስ?» ይሉኝ ይሆናል። እሱም ሲክሊድ ነው፣ ጠንካራም ነው፤ ነገር ግን እስከ ግማሽ ሜትር ሊያድግ ስለሚችል ቦታው ጫሞ ሐይቅ እንጂ ሳሎን አይደለም። የትኛውንም ቢመርጡ፣ የሰለቹትን ዓሣ ዳዋም ሆነ ገናሌ ወንዝ ውስጥ እንዳይለቁ አደራ።