ስለ ባለነጠብጣቡ ሥዕልና ቀለምን ስላለመለየት

በአሁኑ ዘመን በግድግዳ ሥዕል፥ በትራስ ልብስና በመጋረጃ ላይ እየታተመ ቤት የሚያጌጡበት አንድ ዐይነት ክብ ሥዕል አለ። ክቡ በትንንሽና በትልልቅ ነጠብጣቦች የተሞላ ሲሆን፥ በመካከሉ ቁጥር ወይም ቃል ተሰውሮ ይገኛል። ይሁን እንጂ ይህ ዐይነቱ ሥዕል አስቀድሞ የታሰበው ለጌጥ ሳይሆን ለሕክምና ስለ ሆነ፥ ምንነቱን ማወቅ ለተማሪ ይጠቅማል።

ሥዕሎቹን ያዘጋጁት ጃፓናዊው የዐይን ሐኪም ዶክተር ሺኖቡ ኢሺሃራ ሲሆኑ፥ በ1917 እ.ኤ.አ. አሳተሟቸው። ሙሉው እትም 38 ሥዕሎች አሉት። በመጀመሪያው ላይ ያለውን 12 ቁጥር፥ ቀለም የሚለየውም የማይለየውም ያነበዋል፤ ይኸውም ተመርማሪው ጥያቄው እንደ ገባው ለማረጋገጥ ነው። ከሚከተሉት በአንዱ ላይ ግን ቀለም የሚለይ ሰው 8 ሲያነብ፥ ቀይና አረንጓዴ የሚመሳሰሉበት ሰው 3 ያነባል። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ ቀለም የማይለየው ሰው ብቻ ቁጥር ሊያነብባቸው የሚችል ሥዕሎችም መኖራቸው ነው።

የሥዕሉ ጥበብ እንደሚከተለው ነው። አንድን ነገር ከሌላው የምንለየው በቀለሙ ብቻ ሳይሆን በጠርዙና በድምቀቱም ጭምር ነው። በሥዕሉ ላይ ግን የነጠብጣቦቹ መጠንና ድምቀት ሆን ተብሎ ስለ ተዘበራረቀ፥ ቁጥሩን የሚገልጠው ቀለሙ ብቻ ነው።

በዐይናችን ውስጥ ቀለም የሚለዩ 3 ዐይነት ሕዋሳት አሉ። ቀይን ከአረንጓዴ ለመለየት ከሚያገለግሉት ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ወይም ጠባዩ ሲለወጥ፥ ሁለቱ ቀለሞች ይመሳሰላሉ። ይህም አብዛኛውን ጊዜ በዘር የሚወረስ ነው። ወንድ ኤክስ የሚባለው ክሮሞሶም አንድ ብቻ ስላለው ጉድለቱን የሚሸፍንለት የለም፤ ሴት ግን ሁለት ስላላት ብዙ ጊዜ አይታይባትም። በሰሜን አውሮፓ ተወላጆች ዘንድ ከ100 ወንዶች 8 ያህሉ፥ ከ200 ሴቶች ግን አንዷ ያህል እንዲህ ያለ ዐይን አላቸው።

እንግዲህ ሁለት ነገር ማስታወስ ይገባናል። አንደኛ፥ የሕክምናው ሥዕል ቀለሙ በጥንቃቄ ተመጥኖ የታተመና በቀን ብርሃን በ75 ሳንቲ ሜትር ርቀት የሚታይ ነው። ስለዚህ በመጋረጃ ላይ ያለው ቁጥር ያልታየው ሰው የዐይን ሐኪም ይጠይቅ እንጂ፥ በጌጡ አይፈረድበት።

ሁለተኛ፥ እንዲህ ያለው ሰው መሳቂያ ሊሆን አይገባውም። በአረንጓዴ ሰሌዳ ላይ በቀይ ጠመኔ የተጻፈው የሚጠፋበት፥ የካርታ ቀለም የሚያሳስተው ተማሪ፥ ሰነፍ ወይም ዝንጉ ተብሎ ይገሠጽ ይሆናል። የጎደለው ግን ትጋት አይደለም። እኛም ካርታ ስንሥል በየቀለሙ ላይ ስሙን ብንጽፍበት፥ ለእኛ ምንም ሳይጎድልብን ለጓደኛችን ትምህርቱ ይቃናለታል።