በመጀመሪያው ቀን ስድስት ሰው

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የ2006 ዓ.ም. መስከረም ከጠባ በ21ኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013፣ ጉዱ የተሰማው ከአሜሪካ ነበር። የፕሬዚዳንት ኦባማ መንግሥት ሄልዝኬር ዶት ገቭ የተባለውን የጤና መድን መሸጫ ድረ ገጽ በይፋ ከፈተ። በመጀመሪያው 24 ሰዓት 4.7 ሚሊዮን ሰው ጎበኘው። ቅጹን ሞልቶ፣ መድኑን መርጦ እስከ መጨረሻው የዘለቀው ግን፣ በኋላ ይፋ በወጣው የውስጥ ማስታወሻ መሠረት፣ ስድስት ሰው ነበር።

ስድስት።

ባንክ መስኮት ላይ ተሰልፎ ተራው ሲደርስ «ሲስተም የለም» የተባለ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሰምቶ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ገንዘቡም ፕሮግራመሩም የሞላበት አገር እንዴት እዚህ ደረሰ? ኮዱ ጥፋት ነበረበት፤ ግን ጥፋቱን ከወራት በፊት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። የጎደለው፣ እነዚያ ሰዎች የሚያውቁት ነገር ቀኑን መግፋት ወደሚችል ሰው የሚደርስበት መንገድ ነው።

ሥራው በ60 ውል ለ33 ኩባንያዎች ተከፋፍሎ ነበር። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ሕንፃ የሚያሠራም የቧንቧውን፣ የመብራቱንና የአልሙኒየሙን ሥራ ለየባለሙያው ይሰጣል። ሕንፃው ላይ ግን «ቧንቧው ሳይፈተሽ ሴራሚክ እንዳትለጥፉ» የሚል ዋና ተቋራጭ አለ። እዚህ ያን ቦታ የያዘው ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የተባሉትን የመንግሥት የጤና መድኖች የሚመራው መሥሪያ ቤት ራሱ ነበር፤ በርካታ ኩባንያዎች የሠሩትን ሶፍትዌር መግጠም ደግሞ የዕለት ሙያው አልነበረም። ኩባንያዎቹ በየፊናቸው ቁራጫቸውን ሠሩ። ቁራጮቹ ተገጣጥመው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሠሩ እንደሆነ መፈተሽ የተጀመረው ሊከፈት ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው።

በዚህ ላይ አንድ የዘገየ ውሳኔ ተጨመረ። በመጀመሪያው ሐሳብ ማንም ሰው ሳይመዘገብ የመድን ዓይነቶችንና ዋጋቸውን ማየት ይችል ነበር። በኋላ ይህ ቀረና መጀመሪያ አካውንት መክፈት ግዴታ ሆነ። መርካቶ ውስጥ ያለ ባለሱቅ ዋጋ ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ በር ላይ አስቁሞ «መታወቂያ አምጣና ልመዝግብህ» ቢል ምን እንደሚፈጠር መገመት ነው። ሊገዛ የመጣውም ሊያይ የመጣውም አንድ ጠባብ በር ላይ ተጨናነቀ፤ መጀመሪያ የተሰበረውም ያው በር ሆነ።

ማስጠንቀቂያ አልነበረም እንዳይባል ነበረ። ድረ ገጹ ከመከፈቱ ግማሽ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ማኪንዚ የተባለው አማካሪ ድርጅት፣ መስፈርቶቹ ገና እየተቀያየሩ እንደሆነና ለሙከራ የቀረው ጊዜ እንደማይበቃ ለባለሥልጣናት አቅርቧል። ፕሬዚዳንቱ ግን በኖቬምበር ለጋዜጠኞች ሲናገሩ፣ ድረ ገጹ እንደታሰበው እንደማይሠራ በቀጥታ የነገራቸው ሰው እንዳልነበረ ገልጸዋል። ከታች «አይሠራም» ተብሎ የተነሣው ቃል ደረጃውን ሲወጣ «አንዳንድ ተግዳሮቶች አሉ» ይሆናል፤ አንድ ፎቅ ሲጨምር «በተያዘለት መርሐ ግብር እየሄደ ነው»። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው አስተሳሰብ የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር።

የሪፖርት ቋንቋም የራሱ ድርሻ አለው። «የፕሮጀክቱ አፈጻጸም 92 በመቶ ደርሷል» የሚል ዓረፍተ ነገር አገራችን ውስጥ ያልሰማ የለም። መንገድ ከሆነ አስፋልቱን በሜትር ለክቶ ማረጋገጥ ይቻላል። ሶፍትዌር ላይ ግን የቀረው 8 በመቶ የይለፍ ቃል የሚቀበለው ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ያለ እሱ 92ቱ ዜሮ ነው። የሙያው ሰዎች እንዲህ ያለውን ፕሮጀክት ሐብሐብ ይሉታል፤ ውጪው አረንጓዴ፣ ሲቆረጥ ቀይ።

ሐብሐቡን ከመቁረጥ ውጭ ማወቂያ የለውም። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ ይህን በውድ ዋጋ ተምሯል። የወረቀት መዝገቡን ይተካል የተባለው ሶፍትዌር ከ800 ገጽ በላይ የመስፈርት ሰነድ ተጽፎለት፣ 170 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 አንድም መዝገብ ሳይዝ ተጣለ። ሴንቲኔል የተባለው ተተኪውም መንገድ ላይ ሲንገዳገድ ቢሮው በ2010 ሥራውን ከተቋራጩ ተረክቦ በራሱ አነስተኛ ቡድን ያዘው። ቡድኑ ሥራውን በሁለት በሁለት ሳምንት ከፋፈለ፤ በየመጨረሻው የሚታየው የሚሠራ ነገር እንጂ መቶኛ አልነበረም። በ2012 ሥራ ላይ ዋለ። የፕሮጀክት ኃላፊ የሆነ አንባቢ ከዚህ ምዕራፍ አንድ ልማድ ብቻ ቢወስድ ይኸኛው ይበቃዋል፤ በየሁለት ሳምንቱ «ስንት ደረሳችሁ?» ማለትን ትቶ «አምጡና እዚሁ ልንካው» ማለት።

ወደ ሄልዝኬር ዶት ገቭ እንመለስ። በኦክቶበር መጨረሻ የጥገናው ኃላፊነት ለጄፍ ዛይንትስ ተሰጠ፤ ጥቂት መሐንዲሶችም ከየሥራቸው ተጠርተው መጡ፤ ከጉግል የመጣው ማይኪ ዲከርሰን አንዱ ነው። እነዚህ ሰዎች በገቡ ጊዜ ድረ ገጹ የት ላይ እየዘገየ፣ የት ላይ እየወደቀ እንዳለ በአንድ ቦታ የሚያሳይ ዳሽቦርድ እንኳ አልነበረም። መጀመሪያ እሱን ሠሩ። ቀጥሎ ሲስተሙ በየጊዜው የሚፈለገውን ያንኑ መረጃ እንደ አዲስ ዳታቤዝ ውስጥ እየገባ ሲፈልግ አገኙት፤ ቶሎ ቶሎ የሚፈለገውን ቅርብ ቦታ አስቀመጡለት።

ከዚህ ይልቅ የሚገርመው ሜሪላንድ በሚገኘው የሥራ ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ደንብ ነው። ይዘቱ ባጭሩ ይህ ነበር፦ እዚህ ክፍል ችግር ይፈታል እንጂ ጥፋተኛ አይፈለግም፤ የሚናገረው ነገሩን የሚያውቀው እንጂ ከፍተኛው ባለሥልጣን አይደለም፤ የሚነጋገሩትም በሚቀጥለው አንድ ሁለት ቀን ስለሚጎዳው ችግር ብቻ ነው። ጠዋትና ማታ አጭር ስብሰባ ነበር። ወንበር የያዘው አለቃ ዝም ብሎ ጥግ የቆመው ወጣት ሲናገር የሚታይበት ስብሰባ የትም አገር ቢሆን ብርቅ ነው።

በዲሴምበር መጀመሪያ ከ400 በላይ ጥገናዎች ተደርገው ነበር። አንድ ገጽ ለመክፈት 8 ሰከንድ ይፈጅ የነበረው ከ1 ሰከንድ በታች ወረደ፤ ድረ ገጹም 50,000 ሰው በአንድ ጊዜ መሸከም ቻለ።

ለዚህ ሺህ ሰው አልመጣም። ለምን እንዳላስፈለገ ፍሬድ ብሩክስ ቀደም ብሎ አስረድቷል። ብሩክስ በአይቢኤም የሲስተም 360 ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሥራን የመራ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ሥራውን ይባስ እንደሚያዘገየው ጽፏል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ለመነጋገር ሦስት መስመር ይበቃቸዋል፣ አሥር ሰዎች 45፣ ሃምሳ ሰዎች 1,225። አዲስ የመጣውን የሚያስተምረውም ያው ጊዜ የጠበበው ነባሩ ባለሙያ ነው። ለደቦ አጨዳ የሚሆነው ለኮድ የማይሆነው በዚህ ነው።

አለቆች ጋ ሳይደርስ ከታች የሚቀረው እውነት ደግሞ የመሐንዲሱ ብቻ አይደለም፤ መስኮት ላይ የተቀመጠችው መዝጋቢም አላት። ውጭ አገር የተሠራ ሶፍትዌር «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ይዞ ሲመጣ፣ የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም የሚጠራ ሰው የትኛውን የት ያስገባ? ዋሽንግተን የሚኖሩ ሀበሾች ባልና ሚስት ሆነው በተለያየ «የቤተሰብ ስም» መጠራታቸውን ስንቴ እንዳስረዱ ያውቁታል። ወሩ ደግሞ አለ። ሳጥኑ ከ1 እስከ 12 ብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ ጳጉሜ 3 ቀን የተወለደ ሰው መስኮቱ ጋ ሲደርስ መዝጋቢዋ 13 ትጽፋለች፣ ሳጥኑ ይቀላል። ደግማ ትሞክራለች። ሰልፉ ይረዝማል። በመጨረሻ 12 ብላ ነሐሴ ታደርገውና «ቀጣይ!» ትላለች። በሳምንቱ ሪፖርት ላይ ምዝገባው ያለ ችግር ቀጥሏል።