የተቀቀለ ቦሎቄን ከስፍር ወደ ሚዛን ስለመለወጥ

በድርቅ ምክንያት ከቀዬው የተፈናቀለ ሕዝብ በመጠለያ ሲሰበሰብ፣ ማብሰያ ዕቃና ማገዶ ለሌላቸው ወገኖች ምግቡን አብስሎ ማደል ግድ ይሆናል። በ1977 ዓ.ም. በኮረምና በባቲ የነበረው ሁኔታ ለዚህ ምሳሌ ነው። እህሉ ከመጋዘን የሚወጣው በኪሎ ግራም ተመዝኖ ሲሆን፣ ለተረጂው የሚደርሰው ግን በጣሳ ወይም በጭልፋ ተሰፍሮ ነው። በሚዛንና በስፍር መካከል ያለው ግንኙነት በትክክል ካልታወቀ፣ በመዝገብ ላይ የተሟላው ቀለብ በገበታ ላይ ጎድሎ ይገኛል።

ቦሎቄ ሲቀቀል ውሃ ይጠጣል። 1 ኪሎ ግራም ደረቅ ቦሎቄ በሚገባ በስሎ ውሃው ከተጠነፈፈ በኋላ 2.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የተጨመረው ክብደት ውሃ እንጂ ምግብ አይደለም። ስፍሩን በተመለከተ፣ 1 ሊትር ደረቅ ቦሎቄ ወደ 780 ግራም፣ 1 ሊትር የተቀቀለ ቦሎቄ ደግሞ ወደ 730 ግራም ይመዝናል። ሠራተኛውን የሚያሳስተው የእነዚህ የሁለቱ ክብደቶች መቀራረብ ነው፤ በተቀቀለው 730 ግራም ውስጥ ያለው ደረቅ ቦሎቄ 300 ግራም ያህል ብቻ ነውና።

ለምሳሌ፣ ለአንድ ሰው በቀን 60 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ተመድቧል እንበል። 60 በ2.4 ሲባዛ 144 ግራም የተቀቀለ ቦሎቄ ይሆናል። 144 ለ730 ሲካፈል 0.2 ሊትር ያህል ይገኛል። ስለሆነም 1 ሊትር የሚይዝ ጣሳ ለ5 ሰዎች ይበቃል ማለት ነው። ለ300 ሰዎች 18 ኪሎ ግራም ደረቅ ቦሎቄ ወጪ ይደረጋል፤ ከበሰለም በኋላ ወደ 60 ጣሳ ይሆናል።

ቦሎቄው በደረቁ በሚታደልበት ጊዜ ግን ያው ጣሳ ለ13 ሰዎች ይበቃል። ይህን የለመደ ሠራተኛ የተቀቀለውንም ለ13 ሰዎች ቢያካፍል፣ እያንዳንዱ ተረጂ የሚያገኘው 56 ግራም የተቀቀለ ቦሎቄ ነው፤ ይህም በደረቁ 23 ግራም ያህል ብቻ ነው። ከተመደበው ከግማሽ በላይ የሆነው ሳይደርሰው ቀረ ማለት ነው።

ከላይ የተጠቀሱት ቁጥሮች እንደ ቦሎቄው ዓይነትና ዕድሜ ከፍ ዝቅ ይላሉ። በመጋዘን ብዙ ጊዜ የቆየ ቦሎቄ ቶሎ አይበስልም፤ የሚጠጣውም ውሃ ያንሳል። በዚህም ምክንያት አዲስ ጭነት በደረሰ ቁጥር እንደሚከተለው መለካት ያስፈልጋል።

1ኛ፣ ባዶውን ጣሳ መመዘን፤ ከዚያም ውሃ ሞልቶ እንደገና መመዘን። የሁለቱ ልዩነት በኪሎ ግራም ሲታይ ጣሳው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ያሳያል።

2ኛ፣ 1 ኪሎ ግራም ደረቅ ቦሎቄ ቀቅሎ ውሃውን ካጠነፈፉ በኋላ መመዘን። የተገኘው ቁጥር ማባዣው ነው።

3ኛ፣ ጣሳውን በተቀቀለው ቦሎቄ ሞልቶ፣ ሳይጠቀጥቁና ሳይቆልሉ አፉን አስተካክሎ መመዘን፤ የባዶውን ጣሳ ክብደት መቀነስ። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አማካዩን መውሰድ።

ቦሎቄው ከነመረቁ መመዘን የለበትም፤ መረቁ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ፣ ቦሎቄው ሳይጨምር ሚዛኑ ከፍ ይላል።

በመጨረሻም አንድ ጣሳ ለስንት ሰው እንደሚበቃ በማደያው ስፍራ በጉልህ ተጽፎ ቢለጠፍ፣ አዳዩም ሆነ የተረጂዎቹ ተወካዮች ስፍሩን ለመቆጣጠር ይችላሉ።