ክረምቱን ከልጆች ጋር፦ ከቃላችን በፊት ተግባራችን



ፈተና ሊያልቅ ነው። ብዙዎቻችን ወደየአገራችን ስንመለስ የሰፈራችን መስጂድ የክረምት ኮርስ ይጠብቀናል። ጠዋት ቁርኣን እናስቀራለን፤ ከዚያ ሒሳብና እንግሊዝኛ እናስጠናለን። ዩኒቨርሲቲ ስለገባን ልጆቹ በትልቅ ዓይን ያዩናል። ይህ ከባድ አማና ነው።

ባለፈው ክረምት የገጠመንን እናካፍላችሁ። «ሱረቱ ዱሓን የሐፈዘ ቅዳሜ ኳስ ሜዳ እንወስደዋለን» ብለን ነበር። ቅዳሜ ዘነበና እኛ ከቤት ሳንወጣ ቀረን። ልጆቹ ግን መስጂዱ በር ላይ ተጠልለው እስከ ዙህር ጠብቀውናል። ሰኞ ስለ እውነት መናገር ስናስተምር አንድ የ9 ዓመት ልጅ እጁን አወጣና «ኡስታዝ፣ ቅዳሜስ?» አለን። መልስ አልነበረንም።

ያኔ አቡ ዳውድ የዘገቡትን የዐብደላህ ኢብኑ ዓሚርን (ረ.ዐ) ሐዲስ አስታወስን። ልጅ ሳሉ እናታቸው የምትሰጣቸው ነገር እንዳለ ነግራ ስትጠራቸው፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠየቋት። ቴምር መሆኑን ስትነግራቸው፣ ምንም ባትሰጠው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍባት እንደነበር ነገሯት። ለካ ለልጅ የተገባ ቃልም ይመዘገባል!

በማግስቱ በልጆቹ ፊት ቆመን ማጥፋታችንን አመንን፤ ዐፉ እንዲሉንም ለመንናቸው። በቀጣዩ ቅዳሜ እየዘነበም ሜዳ ወረድን፤ ሁላችንም በጭቃ ተለውሰን ተመለስን። ያ ልጅ ከዚያ ወዲያ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣ ጀመር።

ከዚህ ተነስተን ለዘንድሮው ክረምት ሦስት ነገር እንያዝ።

አንደኛ፣ የምንናገረውን ቀድመን እንሥራ። ልጆቹን ወደ ሰፍ እየጠራን እኛ ስልካችን ላይ ከቆየን የሚማሩት ከቆይታችን ነው። «ኢንሻአላህ»ንም የመቅሪያ ሰበብ አናድርጋት።

ሁለተኛ፣ ሳናሸማቅቅ እናርም። ዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ (ረ.ዐ) ልጅ ሳሉ እጃቸው በገበታው ላይ ሲዞር፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቢስሚላህ እንዲሉ፣ በቀኛቸው እንዲበሉና ከፊታቸው እንዲያነሱ ብቻ ነገሯቸው። ስድብ የለ፣ አርጩሜ የለ። እሳቸውም ከዚያ ወዲያ አበላላቸው እንደዚያው ሆኖ መቅረቱን ተናግረዋል። መድረሳ ስንቀራ አርጩሜ የቀመስን፣ ያሳመመንን ለሌላ አናውርስ።

ሦስተኛ፣ ጭንቀታቸውን አንናቅ። ትንሹ አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ወፍ ስትሞትበት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ወፏ ጠይቀውታል። እኛም ቢያንስ ስማቸውን አውቀን፣ የቀረውን ልጅ ለምን ቀረ ብለን እንጠይቅ።

ኢንጂነሪንግ የምንማር እንደምናውቀው፣ የተሞላ ኮንክሪት በየቀኑ ውሃ ይጠጣል፤ ጥንካሬው ግን በተለምዶ የሚመዘነው በ28ኛው ቀን ነው። በአንድ ሳምንት ለውጥ ካላየን ማጠጣታችንን አናቁም።

አላህ (ሱ.ወ) ኢኽላሱን ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።